እምቢ ብሎ የሄደው፣ እሺ ብሎ የቀረው

(የመግቢያ ዜማ በዋሽንት፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

    እስቲ ራዲዮኑን ጠጋ አድርጉት።

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት አንድ ምሳሌ ነው። በጣም አጭር ነው። ቡናው ከጀበናው ወደ ስኒው እስኪቀዳ ድረስ ተነግሮ ያልቃል። እኔን ግን ካለፈው ክረምት ጀምሮ አልለቀቀኝም። ለምን እንዳልለቀቀኝ ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ «እሺ» አላችሁ? ለእናታችሁ፣ ለአለቃችሁ፣ ለጎረቤታችሁ፣ ለልጃችሁ፣ ለእግዚአብሔር? ከእነዚያ ሁሉ «እሺ»ዎች ውስጥስ ስንቱ እግር አውጥቶ ሄደ?

አባቶቻችን «እሺ ይበልጣል ከሺ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። «እሺ» የተቆጣውን ያበርዳል፣ የተጨነቀውን ያሳርፋል። ግን ተረቱ የተተረተው እሺ ያለ ሰው ያለውን ያደርጋል ተብሎ ነው። ካላደረገስ? ያን ጊዜ ከሺው ይበልጣል ወይ? የዛሬው ምሳሌ የሚነካው ይህንኑ ነው።

(አጭር የዋሽንት ድምፅ)

አንድ ሰው ነበረ። ሁለት ልጆች ነበሩት፤ የወይን ቦታም ነበረው። አንድ ቀን ወደ አንደኛው ልጁ ሄደና «ልጄ» ብሎ ጠርቶ፣ ዛሬ ወይኑ ውስጥ ገብቶ እንዲሠራ ጠየቀው። ልጁ እምቢ አለ። አሞኛል አላለም፤ ሥራ አለብኝ አላለም። ፊት ለፊት፣ በአጭሩ፣ አልፈልግም አለ። ቆየት ብሎ ግን ጸጸተው። ተነሣ፣ ሄደም።

አባትየው ሁለተኛውንም ልጅ እንዲሁ ጠየቀው። ይኼኛው አንደበቱ የተገራ ነው። እሺ ጌታዬ ብሎ መለሰ። ግን አልሄደም።

አለቀ። ምሳሌው ይኸው ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ከቁጥር 28 ጀምሮ ታገኙታላችሁ። በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ወንጌል ውስጥ ግን ብትፈልጉ አታገኙትም፤ የጻፈው ማቴዎስ ብቻ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

በነገራችን ላይ፣ በጥንት ብራናዎች ላይ የሁለቱ ልጆች ተራ አንድ ዓይነት አይደለም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተጻፉት ስመ ጥር የግሪክኛ ብራናዎች የሲናው ብራና በሚባለው እምቢ ያለው ልጅ ይቀድማል፤ የቫቲካኑ በሚባለው ደግሞ እሺ ያለው ይቀድማል። ስለዚህ በአንዳንድ ትርጉም ስታነቡ ተራው ቢገለበጥባችሁ ግራ አትጋቡ፤ ነገሩ ያው ነው። እኔም «አንደኛው» እና «ሁለተኛው» ከማለት ይልቅ «እምቢ ያለው» እና «እሺ ያለው» እያልኩ ብናገር ይቀላችኋል።

(ድምፅ ቆም ይላል)

አሁን ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የጠየቀው ጥያቄ ይምጣ። ከሁለቱ ልጆች አባቱ የፈለገውን ያደረገ ማን ነው?

ቀላል ነው አይደል? ቤት ያለ ሕፃን እንኳ ይመልሰዋል። የሄደው ነዋ! ያን ጊዜ የተጠየቁትም ሰዎች ሳያመነቱ እንደዚሁ መለሱ።

ግን እስቲ ጥያቄውን ትንሽ ለወጥ እናድርገው። «ከሁለቱ አባቱን ያከበረ ማን ነው?» ብንባልስ? በእኛ አገር፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በተቀመጡበት፣ እንግዳ እየሰማ፣ አንዱ ልጅ አባቱን «አልፈልግም» ቢል፣ ሌላው ብድግ ብሎ «እሺ ጌታዬ» ቢል፣ የምንመርቀው ማንን ነው? እኔ እሺ ያለው የሚመረቅ ይመስለኛል። «ተባረክ፣ እንዳንተ ያለውን ያብዛልን» ተብሎ። ሌላው ባለጌ ይባላል። የምርቃቱ ሰዓት አልፎ ሁሉም ወደየቤቱ ሲገባ ግን ወይኑ ያው እንደ ቆመ ነው፤ አልተኮተኮተም፣ አልተገረዘም። ጌታችን «ማን ጥሩ መለሰ?» ብሎ አልጠየቀም። የጠየቀው «ማን አደረገ?» ብሎ ነው።

(ዜማ፤ ለአፍታ)

ይህ ምሳሌ ለማን ነው የተነገረው? የትስ ነው የተነገረው?

ቦታው ኢየሩሳሌም ነው፤ የቤተ መቅደሱ ግቢ። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በአህያ ተቀምጦ፣ ሕዝቡ ሆሣዕና እያለ ወደ ከተማይቱ ገብቷል። በመቅደስ የሚነግዱትን አስወጥቷል፤ የገንዘብ ለዋጮችን ገበታ ገልብጧል። በማግስቱ እያስተማረ ሳለ የካህናት አለቆችና የሕዝቡ ሽማግሌዎች መጡና «ይህን የምታደርገው በማን ሥልጣን ነው?» ብለው ያዙት። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በሰሞነ ሕማማት ውስጥ ያለው ማክሰኞ «የጥያቄ ቀን» የሚባለው ይህን ይዞ ነው።

እርሱም ጥያቄውን በጥያቄ መለሰ። የመጥምቁ ዮሐንስ ጥምቀት ከሰማይ ነበረች ወይስ ከሰው? አላቸው። ሰዎቹ ጭንቅ ውስጥ ገቡ። ከሰማይ ናት ቢሉ «ታዲያ ለምን አላመናችሁበትም?» ሊባሉ ነው። ከሰው ናት ቢሉ ሕዝቡን ይፈራሉ፤ ሕዝቡ ዮሐንስን በነቢይነት ነው የሚያውቀው። በመጨረሻ «አናውቅም» አሉ።

ልብ በሉ፤ ዮሐንስ በዚያን ሰዓት በሕይወት የለም። ሄሮድስ አንገቱን አስቀልቶታል። የሞተ ሰው ምስክርነት ነው በሕይወት ያሉትን እንዲህ ያስጨነቃቸው። ምሳሌው የተነገረውም «አናውቅም» ባሉት በእነዚሁ ሰዎች ፊት ነው።

ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት የድሀውን ሰው በግ ታሪክ የነገረውን ታስታውሳላችሁ? ዳዊት ሰምቶ ተቆጣ፤ ፈረደ። የፈረደው ግን በራሱ ላይ ነበር። እዚህም ያው ነው። «የሄደው ነው» ብለው በገዛ አፋቸው ፈረዱ። ጌታችንም ቀራጮችና አመንዝሮች ወደ እግዚአብሔር መንግሥት እየቀደሟቸው መሆኑን ነገራቸው።

(ድምፅ ቆም ይላል)

እንግዲህ ወደ እሺ ባዩ ልጅ እንመለስ። እርሱ ላይ ትንሽ ልቆይ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም እርሱን በደንብ አውቀዋለሁ።

የራሴን ልንገራችሁ። እናቴ የምትኖረው ከከተማ ርቃ ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን የአውቶቡስ መንገድ። ባለፈው ዓመት ሰኔ መግቢያ ላይ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ የጓዳው ጣሪያ ዘንድሮ የሚያስከርመኝ አይመስለኝም። ዝናቡ ሳይበረታ ብቅ ብለህ እይልኝ» አለች። «እሺ እማዬ፣ የዛሬ ሳምንት መጥቼ አሠራዋለሁ» አልኳት። መረቀችኝ። ስልኩን ስዘጋ ልቤ ቅልል ብሎት ነበር፤ ልክ ቆርቆሮውን የመታሁት ያህል።

ታናሽ ወንድሜንም ጠይቃው ኖሯል። እርሱ «ሁልጊዜ እኔ ነኝ እንዴ? አልመጣም!» ብሎ ስልኩን ዘጋባት። ይህንን በለቅሶ ስትነግረኝ እኔ በጣም ተቆጣሁ። «እናት እንዲህ ይባላል?» ብዬ ለዘመድ ሁሉ አወራሁበት።

የዛሬ ሳምንት ያልኩት ሳምንት መጣ፤ ሥራ በዛብኝ። በሚቀጥለው ደግሞ ሌላ ነገር ተፈጠረ። እናቴ ዳግመኛ አልደወለችም፤ እሺ ብያታለሁና። የሄድኩት ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው። ጓዳ ስገባ ጣሪያው ላይ አራት አዲስ ቆርቆሮዎች ያብለጨልጫሉ። ከሥራቸው፣ ውኃው ይንጠባጠብበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ባልዲው አልተነሣም። የጤፉ ማዳበሪያ ሥሩ ረጥቦ ሻግቷል።

«ማን ሠራው?» አልኳት። ወንድሜ ነበር። ስልኩን ከዘጋባት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቆርቆሮውን አውቶቡስ ላይ አስጭኖ፣ ሳይናገር መጣ። «ይቅርታም አላለኝ፣ ምንም አላለኝ» አለች እናቴ። «ገና ከበር እንደ ገባ ‹መዶሻው የት ነው?› አለኝ።»

አድማጮቼ፣ እኔ እናቴን አልዋሸኋትም። እሺ ስላት ከልቤ ነበር። ለዚህ ነው እሺ ያለው ልጅ የሚያስፈራኝ። ብዙ ጊዜ «ግብዝ ነው፣ ከአንገት በላይ ነው የመለሰው» ብለን እናልፈዋለን። ወንጌሉ ግን ሊሄድ አላሰበም አላለንም። እሺ ማለቱ ራሱ አሳርፎት ይሆናል። እሺ ማለት የሥራውን ደስታ ቀድሞ ያቀምሳል፤ ሥራውን ግን አይሠራም።

ይህ የአንድ ቤት ነገር ብቻ አይደለም። በዘጸአት መጽሐፍ ሕዝበ እስራኤል በሲና ተራራ ሥር እግዚአብሔር ያለውን ሁሉ እንደሚያደርጉ በአንድ ድምፅ ቃል ገቡ። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ከዚያ ሙሴ በተራራው ላይ 40 ቀንና 40 ሌሊት ቆየ። ሲወርድ ምን አገኘ? የወርቅ ጥጃ። እነዚያ ሰዎች ቃል ሲገቡ እያታለሉ ነበር? አይመስለኝም። የእሺታው ሙቀት 40 ቀን ሳይሞላው በረደ እንጂ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አባቱን «ጌታዬ» ያለው የትኛው ልጅ ነው? የቀረው ነው። የሄደው እንዲህ ያለ የአክብሮት ቃል ሲናገር አልሰማነውም። በዚሁ ወንጌል በተራራው ስብከት፣ «ጌታ ሆይ» የሚለኝ ሁሉ ወደ መንግሥተ ሰማያት አይገባም፣ የአባቴን ፈቃድ የሚያደርግ እንጂ የሚል ትምህርት አለ። ምሳሌው ያንን ትምህርት በሁለት ልጆች ሥጋ አልብሶ ያሳየናል።

እዚህ ላይ ለምእመናን ሁሉ በፍቅር አንድ ነገር ልናገር። ዝማሬያችን ውስጥ፣ ጸሎታችን ውስጥ፣ «አሜን» ስንል፣ «ጌታዬ» የምንለው ስንት ጊዜ ነው? መባሉ ክፉ ሆኖ አይደለም። አባትን ማክበር መልካም ነው። ግን አባትየው ወይኑ ቦታ ላይ እየጠበቀ ነው። እየጠበቀ ያለው እግራችንን ነው።

(ዜማ፤ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

ተመልሰናል፣ አድማጮች። የምንነጋገረው ስለ ሁለቱ ልጆች ምሳሌ ነው። እምቢ ብሎ የሄደው፣ እሺ ብሎ የቀረው። አሁን ወደ እምቢ ባዩ እንሂድ።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ይህ ልጅ እምቢ በማለቱ አልተመሰገነም። አንዳንድ ወጣቶች ይህንን ምሳሌ ሰምተው «እኔ ግልጽ ሰው ነኝ፤ የማላደርገውን አላደርግም እላለሁ፤ ቢያንስ ግብዝ አይደለሁም» ሲሉ ሰምቻለሁ። ልጆቼ፣ ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ምሳሌው እንደዚያ አይልም። እምቢታው ጥፋት ነበር። ጥፋት ባይሆንማ በምን ይጸጸት ነበር? እምቢ ብሎ ቢቀር ኖሮ ሁለቱም ልጆች እኩል በሆኑ። የለየው ከእምቢታው በኋላ የሆነው ነው።

ከእምቢታው በኋላ ምን ሆነ? ወንጌሉ በሁለት ቃል ነው ያለፈው፤ ተጸጸተ፣ ሄደ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ምን እንደ ነበረ አልተነገረንም። ምናልባት አባቱ መቆፈሪያውን ተሸክሞ ለብቻው ሲወርድ ከሩቅ አየው። ምናልባት «ልጄ» ብሎ የጠራበት ድምፅ ከጆሮው አልወጣ አለ። ብቻ አንድ ነገር አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ መንገድ ቀላል አይደለም። እምቢ ብለህ የወጣህበትን በር መልሰህ መርገጥ አለብህ። ቀኑ አጋምሷል። ሠራተኞቹ ያዩሃል። አባትህ «አልፈልግም አላልክም ነበር?» ቢልህ መልስ የለህም። ብዙ ሰው ንስሐ የማይገባው ኃጢአቱ ስለሚጣፍጠው ብቻ አይደለም፤ የመመለሻው መንገድ ስለሚያሳፍረውም ነው።

እስቲ «ተጸጸተ» የምትለዋን ቃል ትንሽ እንመርምራት። ወንጌሉ በተጻፈበት በግሪክኛ ማቴዎስ እዚህ ላይ የተጠቀመበት ቃል «ሜታሜሎማይ» የሚለው ነው። በኋላ ያደረጉት ነገር ሲቆጭ፣ ልብ ሲቀየር ማለት ነው። ይኸው ቃል በዚሁ ወንጌል ምዕራፍ 27 ላይ ለማን እንደ ተነገረ ታውቃላችሁ? ለይሁዳ።

አዎ፣ ይሁዳም ተጸጽቷል። ያው ቃል ነው፤ ያው ጸጸት። ጥፋቱንም በአፉ ተናግሯል፤ 30ውን ብርም መልሷል። ታዲያ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? እኔ እንደሚገባኝ በሄዱበት አቅጣጫ ነው። የምሳሌው ልጅ ጸጸቱን ይዞ ወደ አባቱ ወይን ሄደ። ይሁዳ ጸጸቱን ይዞ ወደ ካህናቱ አለቆች ሄደ፤ እነርሱም «እኛ ምን አገባን?» ብለው ሸኙት። ወደ መምህሩ አልተመለሰም። ጌታው በተያዘበት ሌሊት ሦስት ጊዜ የካደው ጴጥሮስ ግን ምርር ብሎ አለቀሰ፤ ከወንድሞቹም አልተለየም፤ በገሊላ ባሕር ዳርም ዳግመኛ ተጠርቶ በጎቹን እንዲያሰማራ አደራ ተሰጠው።

እዚህ ቦታ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የምናገረው ለአንዳንዶቻችሁ ነው። ባደረጋችሁት ነገር ሌሊት እንቅልፍ አጥታችሁ የምታድሩ አላችሁ። ጸጸታችሁን ብቻችሁን ተሸክማችሁ አትቀመጡ። የንስሐ አባት ያላችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፤ መጋቢ ያላችሁ መጋቢያችሁን ጥሩ፤ የሚሰማችሁ እውነተኛ ወዳጅ ካለ ዛሬውኑ ንገሩት። ጸጸት መንገድ ካላገኘ ሰውን ይበላል።

በዕብራይስጥ ለንስሐ የሚነገረው ቃል «ተሹቫ» ነው። መመለስ ማለት ነው። ቃሉ ውስጡ መንገድ አለ፣ እግር አለ።

(አጭር የዋሽንት ድምፅ)

ቀራጮቹ እንዴት እንደ ተመለሱ እንይ። ቀራጭ ማለት በዚያ ዘመን ለገዢው ግብርና ቀረጥ የሚሰበስብ ሰው ነው። ከተተመነው በላይ ይወስዱ ስለ ነበር ሕዝቡ ይጠላቸው ነበር። የሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 3 እንደሚነግረን ወደ ዮሐንስ ሊጠመቁ መጡና «ምን እናድርግ?» ብለው ጠየቁት። ልብ አድርጉ፤ «ምን እንመን?» አላሉም፣ «ምን እንበል?» አላሉም። ዮሐንስስ ምን መለሰ? ሥራችሁን ጥላችሁ በረሃ ግቡ አላለም። ከታዘዘላችሁ በላይ አትውሰዱ አላቸው። ይኸው ነው። ነገ ጠዋት ወደዚያው ጠረጴዛ ተመልሰው፣ ያችኑ ሚዛን ይዘው፣ ግን እጃቸውን ሰብስበው መቀመጥ ነበረባቸው።

የኢያሪኮውን ዘኬዎስንም ታውቁታላችሁ። የቀራጮች አለቃ ነበር። ጌታችን ቤቱ በገባ ጊዜ ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች እንደሚሰጥ፣ የበደለውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቆሞ ተናገረ። በእኛም አገር የንስሐ አባቶች ሲያዝዙ «የሰው ገንዘብ ካለብህ መልስ፤ የተጣላኸው ካለ ታረቅ» የሚሉት ከዚሁ ጋር የሚስማማ ነው። ጾም፣ ስግደትና ጸሎት አብሮ ይታዘዛል፤ የሰው ገንዘብ ሳይመለስ ግን ስግደቱ ብቻውን እሺ ጌታዬ ማለት ሆኖ ይቀራል።

ደግሞ የነነዌን ሰዎች አስቡ። በየዓመቱ ከዐቢይ ጾም በፊት 3 ቀን የምንጾመው ጾመ ነነዌ የእነርሱን ንስሐ የሚያስታውስ ነው። ነቢዩ ዮናስ ራሱ መጀመሪያ እምቢ ያለ ልጅ ነበር፤ ወደ ነነዌ ሂድ ሲባል ከኢዮጴ በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ተርሴስ ሸሸ። በኋላ ግን ሄደ። የነነዌ ሰዎችም ከንጉሡ ጀምሮ ማቅ ለበሱ፤ ንጉሡም አመድ ላይ ተቀመጠ። እግዚአብሔር ያየው ግን ምኑን ነው? በትንቢተ ዮናስ ምዕራፍ 3 መጨረሻ ላይ ተጽፏል፤ ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን፣ ሥራቸውን አየ። ማቁን አየ አይልም።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። ይህን ምሳሌ የጻፈው ማቴዎስ ብቻ ነው ብዬ አልነበር? ማቴዎስ ማን ነበር? ቀራጭ። በዚሁ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ በመቅረጫው ቦታ ተቀምጦ ሳለ «ተከተለኝ» ሲባል፣ ተነሥቶ ተከተለ ይላል። ስለዚህ ቀራጮች እየቀደሙ ይገባሉ የሚለውን ቃል ለእኛ ያቆየልን ያንን ጠረጴዛ ትቶ የተነሣ ሰው ነው። ይህንን ባሰብኩ ቁጥር ምሳሌው ሌላ ድምፅ ይሰጠኛል።

(ድምፅ ቆም ይላል)

እሺ ብሎ የቀረው ልጅስ? ለእርሱ ተስፋ የለውም ወይ?

ይህን ጥያቄ የምጠይቀው ለራሴ ነው፤ ምናልባት ለእናንተም ይሆናል።

ጌታችን ለካህናቱ አለቆች ሲናገር፣ ቀራጮቹ በእናንተ ፋንታ ይገባሉ አላለም፤ ይቀድሟችኋል ነው ያለው። የቀደመ ሰው ካለ የሚከተል ሊኖር ይችላል። ከዚያም ሲወቅሳቸው፣ የቀራጮቹን መመለስ ካያችሁ በኋላ እንኳ አልተጸጸታችሁም አላቸው። እዚህም የገባው ያው ቀደም ብዬ የነገርኳችሁ የግሪክኛ ቃል ነው። «በኋላ» የሚለውም አብሮ አለ። እምቢ ያለው ልጅ «በኋላ» ተጸጸተ፤ እናንተ ግን «በኋላ» እንኳ አልተጸጸታችሁም። እኔ ይህን ወቀሳ ስሰማ በሩ ሲዘጋ አይሰማኝም። አባት የቀረውን ልጁን «ወንድምህ እኮ ሄዷል፤ አንተስ?» ሲል ይሰማኛል።

ሁለቱም ልጆች ናቸውና። ከዚህ ቀደም ብሎ በምዕራፍ 20 ላይ ሌላ የወይን ቦታ ምሳሌ አለ፤ እዚያ የሚሠሩት የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ማልደው የተቀጠሩት በቀን አንድ ዲናር ተዋውለዋል። እዚህ ግን ውል የለም፣ ደሞዝ የለም። «ልጄ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ወይኑ የአባትየው ነው፤ ነገ የልጆቹ ነው። ልጅ ወደ ሥራ ሲጠራ ወደ ገዛ ቤቱ ነው የሚጠራው።

በአባትየው ጥሪ ውስጥ ደግሞ አንዲት ቃል አለች፤ ቶሎ ስናነብ የምናልፋት። «ዛሬ» የምትለዋ። አባትየው ዛሬ ሥራ ነው ያለው። የእኛ የተለመደ መልስ ምንድን ነው? «እሺ፣ ነገ።» ወይን ጊዜ አለው። የሚገረዝበት፣ የሚኮተኮትበት፣ የሚለቀምበት ወቅት አለው። ጤፍ የሚያርም ገበሬ ይህንን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ አረሙ ነገን አይጠብቅም።

(የመዝጊያ ዜማ በስሱ ይጀምራል)

አድማጮቼ፣ ልንሰነባበት ነው። ዛሬ የቤት ሥራ ልሰጣችሁ። ይህ ዝግጅት እንዳለቀ ወረቀት አትፈልጉ፤ በልባችሁ ይበቃል። እሺ ብላችሁ ያልሄዳችሁበት አንድ ቦታ አስቡ። አንድ ብቻ። እምቢ ብላችሁ የዘጋችሁት አንድ ስልክም ካለ እርሱን አስቡ። ከዚያ ለሰውየው ወይም ለሴትየዋ ደውሉ። ረጅም ይቅርታ ካልወጣላችሁ ግድ የለም፤ «መዶሻው የት ነው?» ማለትም ይበቃል።

እናቴ በዚህ ሳምንት ደውላ ነበር። የአጥሩ በር ወድቋል። ይህን ዝግጅት ቀርጸን እንደ ጨረስን ወደ አውቶቡስ ተራ እሄዳለሁ፤ ትኬቱ ኪሴ ውስጥ ነው።

 

(የመዝጊያ ዜማ ከፍ ይላል፤ ያበቃል)